የይመኙሻል ውቅራት

ገብረ ሕይወትን ባለፈው ሳምንት የተውነው ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር፤ ዛሬም ስንመለስ ያው እንዳቀረቀረ አገኘነው። አንገቱ ደንዝዟል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ከውጭ የታኅሣሥ ውርጭ የደብረ ብርሃንን ሜዳ አንጥቶታል። ቀና ማለት ግን አልሆነለትም። ዓይኑን ከመነጽሩ ካነሣ ያየው ነገር እውነት ሆኖ የሚጠብቀው ይመስለው ነበር።

ከመነጽሩ ሥር የተዘረጋው ከይመኙሻል የደረት አጥንት የተቀዳ መቅኔ ነው።

ታሪኩን ከዚህ ለሚጀምር አንባቢ፣ ይመኙሻል የአንኮበሩ አለቃ ወልደተንሣኤ አንዲት ልጅ ናት። ገብረ ሕይወት ደግሞ የዚያው አገር ቀጥቃጭ የወርቅአገኘሁ ልጅ። የአለቃን መሬት የሚያርሰው ማረሻ ሁሉ በወርቅአገኘሁ ወናፍ ፊት ያለፈ ነው፤ ወርቅአገኘሁ ራሱ ግን የአለቃን ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበት ይጠወልጋል ይባላልና። ሁለቱ ልጆች ይህ ወግ ሳይገባቸው ደብረ ብርሃን በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተማሩ፤ በገባቸው ጊዜ ልባቸው ቀድሟቸው ነበር። እሱ ጎንደር ሄዶ የላቦራቶሪ ሙያ ተምሮ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ በደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሊሠራ ተመለሰ። ነጩ ጋዋን ግን ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ይቀራል፤ አንኮበር ሲደርስ ያው የቀጥቃጭ ልጅ ነው።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ዘመድ ሊጠይቅ አንኮበር ወጣ። ይመኙሻል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ አየችውና ሳቀች። ድዷ በአዲስ ውቅራት ጠቁሮ ነበር። በዚያ አገር ልጃገረድ ድዷን የምትወቀረው ሠርጓ ሲቃረብ ነው፤ ለደነባው ባላባት ልጅ ለኃይለ ገብርኤል መታጨቷንም ሰምቷል። ያ ሳቅ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ መስሎት ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም፤ በዚህ ወር መግቢያ ትኩሳት ይዟት፣ ገርጥታ፣ ክንዷ በልዞ በእናቷ ተደግፋ ሐኪም ቤቱ እስክትመጣ ድረስ። የደነባው ሙሽራ መታመሟን ሲሰማ ሽማግሌዎች ላከ፤ ሽማግሌዎቹም ምርቃታቸውን ሰጥተው፣ እጮኝነቱን አፍርሰው ተመለሱ።

በሩ ተከፈተ። የሐኪም ቤቱ ብቸኛ ዶክተር፣ ከዩጎዝላቪያ የመጡት አዛውንቱ ዶክተር ሚላን ናቸው። አማርኛን ይወዷታል፤ አማርኛ ግን ወንድና ሴት እንደምትለይ እስካሁን አልገለጸችላቸውም።

«እሱ ልጅ እንዴት አደረ?»

«ሴት ናት፣ ዶክተር።»

«አዎ። እሱ ሴት እንዴት አደረ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ገብረ ሕይወት ይስቅ ነበር። ዛሬ ወንበሩን ብቻ ለቀቀላቸው። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ፤ ከዚያም ተማሪ ፊት እንደቆመ መምህር ረጋ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ሉኬሚያ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳት በዝተው ሌላውን ደም አንቀውታል። ጥያቄው የትኛው ሉኬሚያ ነው። ሕዋሱ ትንሽ፣ አስኳሉ ድብልብል ቢሆን፣ አዲስ አበባ አሁን የመጡ እንክብሎች አሉ። አያድኑም፤ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ለዕድለኛ አንድ ዓመት። አስኳሉ እንደ ታጠፈ ጨርቅ የታጠፈ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ብርቅ ነው። እኔ በቤልግሬድ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጥቂት ነው ያየሁ። ለእሱ እንክብል የለም።»

«ድብልብሉ ይታየኛል» አለ ገብረ ሕይወት። «እዚህ ጥግ። ይህ ድብልብል አይደለም?»

«ነው። ጎኑ ያሉትን ደግሞ እይ።»

«ቀለሙ በዝቶባቸው ይሆናል የታጠፉ የመሰሉት። እንደገና ላቅልማቸው።»

«ትናንትም እንደገና ነበር ያቀለምከው፣ ልጄ።» ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህ ክፉው ዓይነት ድድ ውስጥ መግባት ይወዳል። ድዱን አየህ?»

«ድዷ ውቅራት ነው።»

«ውቅራት ምንድን ነው?»

«በእሾህ ይወጋና ጥላሸት ይገባበታል። ድዱ ጥቁር ይሆናል። ለጌጥ ነው።»

«በእሾህ? ለጌጥ?»

«የእርስዎ አገር ሴቶች ጆሯቸውን አይበሱም?»

«ይበሳሉ» አሉ ዶክተሩ፣ አሸናፊው ማን እንደሆነ ገብቷቸው። «እንግዲህ ድዱ ያበጠው በእሾሁ ሊሆን ይችላል፤ በበሽታውም ሊሆን ይችላል። የእሾህ ቁስል ጠባሳው ይጠነክራል። በሽታው ከሆነ ሥጋው ከሥር ያድጋል፣ ጥርሱን ይሸፍናል። ሄደህ እይ። ለእኔ አፉን ዘጋብኝ፤ እናቱም ተቆጣ።»

ገብረ ሕይወት እጁን ታጥቦ ወጣ። ከፋሲካ ጀምሮ ያን ውቅራት ሲጠላ ከርሟል፤ በእያንዳንዷ ነጥብ የደነባውን ሙሽራ ስም ሲያነብ ከርሟል። አሁን፣ በሕመምተኞቹ ክፍል ደጃፍ ቆሞ፣ ጥፋቱ የእሾሁ ብቻ እንዲሆን ያን እሾህ ተማጸነ።

ይመኙሻል ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ተጎትቷል። ከመጣች ጀምሮ እሱ በገባ ቁጥር ነጠላው እንደዚያው ነው፤ እሱም በፊቷ የቆመው ሰው እንዳስጠላት ቆጥሮት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ባፈና ከእግሯ በኩል ጥጥ ይፈትላሉ።

«ደግሞ ደም ልትወስድ ነው?» አሉ ወይዘሮ ባፈና፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «የቀረቻትን ለእሷው ተውላት።»

«ዛሬ ደም አልወስድም፣ እሜቴ። አፏን ለማየት ነው።»

«ያን ለት ደረቷን፣ ዛሬ አፏን። ነገ ደግሞ የቷን ትሉ ይሆን?»

«እማዬ» አለች ይመኙሻል ከነጠላው ሥር፣ «ያን ማር የገባበት ውኃ ብታሞቂልኝ።»

«አሁን ጠጣሽ አይደለም እንዴ?»

«ቀዝቅዞ ነበር።»

ወይዘሮ ባፈና አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ወጣቱን አዩ። ብልህ ሴት ናቸው፤ የቀዘቀዘው ውኃ እንዳልሆነ ገባቸው። «አሞቀዋለሁ» ብለው ተነሡ። «በሩ ግን ክፍት ይሁን።»

ገብረ ሕይወት ቆሞ ቀረ። የሙያ ድምፁን ፈለገና አገኘው።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

«ከፋሲካ ወዲህ» አለ።

«እኔም ስለ ፋሲካ ልጠይቅህ ነበር። ያን ቀን ፊትህን ያዞርከው ውቅራቱን ጠልተህ ነው፣ ወይስ እኔን?»

«ለደነባ ሙሽራ የተሠራ ጌጥ ማየት የእኔ ድርሻ አልነበረም።»

ከነጠላው ሥር ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማ። «ለደነባ! ሰውዬው እኮ አንድም ቀን አይቶኝ አያውቅም። ድዴ ጥቁር ይሁን ነጭ ከማን ይሰማል? እማዬ ለእሱ መስሏት ነው ውቅራት የምትሠራዋን ሴት ያስጠራችልኝ። እኔም ዝም አልኳት።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

መልሱን ለመስጠት ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሣችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

«እናትህ በሞተች ዓመት ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ መልኳን ረሳሁት ብለህ አልቅሰህ ነበር። የቀረኝ ድዷ ብቻ ነው አልከኝ። ስትስቅ የከሰሉ ብርሃን ጥቁሩ ድዷ ላይ ሲያርፍ ወናፉን ማናፋት እረሳ ነበር፣ አባቴም ይቆጣኝ ነበር አልከኝ። እኔም ያን ጊዜ በልቤ፣ አንድ ቀን እኔም ሥራውን አስረሳዋለሁ አልኩ። ልጅ ነበርኩ። ያልኩትን ግን አልረሳሁም።»

ገብረ ሕይወት ማንም ተቀመጥ ሳይለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለእሱ የተላከን ስጦታ ለሌላ ሰው ነው ብሎ ሲጠላ ከርሞ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳቅሁልህ እኮ። ከዚያ በላይ ምን ልንገርህ?»

«አሁንስ ለምን ትሸፍኚዋለሽ?»

«አስቀያሚ ሆኗላ» አለች። «እንዲህ ሆኖ እንድታየው አልተወቀርኩም።»

ነጠላውን ቀስ ብላ አወረደች። ገብረ ሕይወት ከንፈሯን በጣቱ ጫፍ ገለጠ፤ ይህን አፍ ለመንካት ስንት ዓመት ተመኝቷል፣ እንዲህ ሊነካው ግን አልነበረም። የውቅራቱ ነጥቦች፣ ያን ቀን እንደ አንድ ጥቁር ሐር ተያይዘው የነበሩት፣ ተራርቀዋል። በመሃላቸው የገረጣ፣ ያበጠ አዲስ ሥጋ ገብቶ ጥርሶቿን እስከ ወገባቸው ውጧል። ጣቱን ሲያሳርፍበት ሰረጎደ፤ ደም አዠ። ጠባሳ እንዲህ አይለሰልስም። እሾህም የራሱን ነጥቦች አያራርቅም። ከሥር ያደገ ነገር ነው ያራራቃቸው፤ ምን ያህል እንዳደገም ውቅራቱ ራሱ ነጥብ በነጥብ ይመሰክራል።

«የእሾሁ ነው?» አለችው።

አዎን ሊላት አፉን ከፈተ። ዓይኗን አየና መልሶ ዘጋው።

«አሁን ደግሞ አንተ ዘጋህ» አለች ይመኙሻል፣ በጣም ቀስ ብላ። ነጠላዋን ወደ ላይ ሳትመልስ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። የእሷ እጅ ይሞቅ ነበር፤ በትኩሳቱ።

ገብረ ሕይወት ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ፤ ዶክተር ሚላን ውጤቱን የሰሙት በቆሙበት ነው።

«ጥርሱን ሸፍኗል?»

«ሸፍኗል። ነጥቦቹ ተራርቀዋል።»

«እንግዲህ ክፉው ነው።» እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «እሱ ጥምቀትን ያያል። ፋሲካን አያይም።»

«እሱ» ሲሏት ገብረ ሕይወት ለአንድ ቅጽበት ስለ ሌላ ሰው የሚነገር መሰለው። ያ ሌላ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በእሷ ፈንታ ይሙት ብሎ ተመኘ፤ ወዲያው በምኞቱ አፈረ።

«ባለፈው ፋሲካ ሰላም ብያት ቢሆን» አለ፣ «ቀርቤ አይቼው ቢሆን...»

«ያን ጊዜ ደሙ ጤነኛ ነበር። ምንም አታይም ነበር።»

ይህ ሊያጽናናው የተነገረ ነው። ገብረ ሕይወት ግን ጤነኛ ሆና የሳቀችለትን ያን አንድ ቀን አሰበ።

አለቃ ወልደተንሣኤ ከአንኮበር የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ነጭ ጥምጥማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። ልጃቸው አልጋዋ ላይ፣ ባለቤታቸው በእግሯ በኩል፣ ዶክተሩ በመስኮቱ ሥር ሆነው፣ ውጤቱን እንዲናገር የታዘዘው ገብረ ሕይወት ነበር፤ በዶክተሩ አማርኛ ሞትን ማስረዳት የሚቻል አልነበረምና። ቃሉን ሲያስብበት ቆይቷል። ከጎንደር ይዞት የመጣውን ቃል መረጠ።

«የደም ነቀርሳ ነው፣ አባታችን።»

አለቃ ቀና አሉ። «ነቀርሳ አልክ?»

«አዎን።»

«ነቀርሳ!» ፊታቸው እንደ ጧፍ በራ። «ባፈና፣ ሰማሽ? ነቀርሳ ነው የሚለው። ተመስገን።»

በዚያ ዘመን ነቀርሳ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የሳንባውን ነው፤ የሚያስለውን፣ የሚያከሳውን፣ ግን በመርፌ የሚድነውን። ገብረ ሕይወት ቃሉን ሲመርጥ ይህን ዘንግቶት ነበር።

«ቄስ ገብረ ጻድቅን ነቀርሳ ይዞት አልነበረም?» ቀጠሉ አለቃ። «አዲስ አበባ ተኝቶ መርፌውን ተወግቶ ዛሬ ሲቀድስ ድምፁ ከእኔ ይበልጣል። የሳንባው ከዳነ የደሙ ምን ያቅተዋል? ደም ከሳንባ ይቀርባል፣ በመርፌ ይደረስበታል።» ወደ ገብረ ሕይወት ዞሩ፤ ከዚህ በፊት ፊቱን እንዲህ አይተውት አያውቁም ነበር። «አንተ ልጅ፣ የሰው አፍ ብዙ ብሏል። ያ የቀጥቃጭ ልጅ ነው የበላት ሲሉኝ አልተከራከርኩም። አሁን ግን ስሙን አውቀህ ነገርከኝ። ጠበል ላይ እንኳን ጋኔኑ ስሙን ከተናገረ ይወጣል። አድናት። አድናትና እሰጥሃለሁ። ባፈና ምስክር ትሁነኝ።»

የወይዘሮ ባፈና እንዝርት ቆመ።

ገብረ ሕይወት ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ነገር በአንድ ቃል ስሕተት እግሩ ሥር ወድቋል፤ ለማንሣት የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው። የገናው ጾም ሊፈታ ቀርቧል። ከጥምቀት በኋላ ሊያገቡ ይችላሉ። አለቃም እስከዚያ በተስፋ ይኖራሉ፤ በተስፋ መኖር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ወደ ይመኙሻል ተመለከተ። እሷም እያየችው ነበር። ያን አስተያየት አንድ ጊዜ አንኮበር መንገድ ላይ አይቶ አጣሞ ተርጉሞታል። ዛሬ መተርጎም ፈራና ጮክ ብሎ ጠየቃት።

«ምን ልበል?»

«ስሙን ሙሉውን ንገራቸው» አለች። «በስሕተት መሰጠት አልፈልግም።»

«ምን ስሕተት?» አሉ አለቃ።

«ያኛው ነቀርሳ አይደለም፣ አባታችን» አለ ገብረ ሕይወት። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «የተገናኙት በስም ብቻ ነው። ለዚህኛው መርፌ የለውም። ከዚሁ ከደሙ በሽታ ሌላ ዓይነት አለ፤ ያ ቢሆን እንክብል ነበረው፣ አንድ ዓመት ይለመንበት ነበር። የእሷ እሱ አይደለም። ብርቁ ነው፣ እንክብልም የለውም።»

በአለቃ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ፤ የጠፋው ግን በአንዴ አይደለም፣ እንደ ጧፍ እየተቃጠለ ነው ያለቀው።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር።

«ቃልዎን መስረቅ ይሆንብኛል።»

«ቃሌ ለምትድን ልጅ ነበር።» መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ነገ አንኮበር እወስዳታለሁ። ጠበሉ አለ።»

ወይዘሮ ባፈና እንዝርቱን ከመሬት አነሡት፤ አሾሩት፤ ጥጥ እንዳልያዘ ግን አላዩም። ባዶውን ሲሾር ሁሉም ያየው ነበር። ማንም አልነገራቸውም።

በማግሥቱ ረፋድ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሲለቅ፣ ይመኙሻልን እስከ አንኮበሩ መኪና መቆሚያ የምታደርስ በቅሎ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ተጭና ቆመች። ልጓሙን የያዙት አለቃ ራሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ሁለት ሴቶች ደግፈው ሲያወጧት አለቃ ሳይታወቃቸው ልጓሙን ጠበቅ አድርገው ሳቡት፤ በቅሎዋም ራሷን ወዘወዘች። ገብረ ሕይወት ከሩቅ፣ ከላቦራቶሪው በረንዳ ሥር ቆሟል። ከዚያ ወዲህ እንዲቀርብ የነገረው ሰው አልነበረም።

«የወርቅአገኘሁ ልጅ» አሉ አለቃ፣ ሳያዩት።

«አቤት።»

«ና ልጓሙን ያዝ።»

የበቅሎ ልጓም መያዝ የሎሌ ሥራ ነው። ሙሽራ ስትሄድ ደግሞ የሚዜ ሥራ ነው። አለቃ በየትኛው እንዳዘዙት አልተናገሩም፤ ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

«ሰው ያያል» አሉ ወይዘሮ ባፈና በሹክሹክታ።

«ይይ» አሉ አለቃ።

መንገዱ በገበያው መሃል ያልፋል። የመንዝ ሰዎች የሱፍ ባናቸውን ለሽያጭ ዘርግተው፣ የደብረ ሲና ጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ፣ በግ ከበግ ጋር እየተጋፋ ነበር። የአለቃን ልጅ በቅሎ የቀጥቃጩ ልጅ ሲስባት ያየ ሁሉ ጨዋታውን አቋረጠ።

«ሙሽራ ናት እንዴ?» አለች አንዲት የሱፍ ነጋዴ።

«ሙሽራ ብትሆን ዘፈኑ የት አለ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ሳትሆን ቀርታ ነው እንዲህ የሚያያት?»

ይመኙሻል ከኮርቻዋ ላይ ጎንበስ አለች። «ሰማሃት?»

«ሰማኋት።»

«እኔም ሰማኋት» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ነፋሱ ይመታሻል፣ ሸፍኚ» አሉ እናቷ ከኋላ።

አልሸፈነችም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ ሳቀችለት። ድዷ አብጧል፤ ጥርሶቿ ከግማሽ በታች ነው የሚታዩት፤ ከአንዱ ጥግ ቀጭን ደም ወጥቷል፤ የውቅራቱ ነጥቦች ተበታትነው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ቀርተዋል። ፀሐዩ በእነሱ ላይ አረፈ።

ገብረ ሕይወት በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም። እጁ ግን ልጓሙን መሳብ ረሳ። በቅሎዋ በገበያው መሃል ቆመች። መኪናው ከመቆሚያው ጥሩንባውን ነፋ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አለቃ ወልደተንሣኤም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆሙ፤ ሂድ ግን አላሉትም።